የጎን መቀመጫ

የውድድር መኪናው ሁለት ቀበቶዎች የተያያዙ ናቸው፤ ሾፌሩ የሚሰማው ስሜት ጎኑ የተቀመጠው ሰውም ይሰማዋል። የሾፌሩ የያፌት ደንበኞች ጎኑ ለመቀመጥ የሚሰለፉት ለዚሁ ነው። ሚስቱ ስምረት ግን ገና ዛሬ መቀመጧ ነበር።

«ያዞርሻል፣ ይቅርብሽ» ብሏት ነበር።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ የእሱ ደስታ ደረቷን ሞላው፤ እንባዋ መጣ። ቤት ስታጎርሰው እንኳ «ተባረኪ» ብሎ ዝም የሚል ሰው ነው። ተፈጥሮው ነው እያለች ስንት ዓመት ተጽናንታለች። ለካ ደንበኛው ሁሉ ከእሷ በፊት ይህን ቀምሶታል። በአስፋልቱም፣ በሰዎቹም ቀናች።

መኪናው ቆመ።

«ፈራሽ እንዴ?»

«አልፈራሁም። እስቲ አሁን ሳትነዳ፣ ቀበቶውን ሳንፈታ፣ እኔን እያየኸኝ ትንሽ እንቀመጥ።»

ያፌት ሳቅ አለ። «አንቺ ደግሞ» አለና ቀስ ብሎ የራሱን ቀበቶ ፈታ።