ያልተሟላ ፈቃድ

የይሁኔ ሁለት በሬዎች የሞቱት ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ የቁሐር ሚካኤል ማሳ ውኃ መያዝ ሲጀምር ነው። ጠዋት ከወረታ ገዝቶ ያመጣውን የሩዝ ፉርሽካ በሉ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ወደቁ። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አያቸው። ፉርሽካው የአይጥ መርዝ ነክቶታል አለና አንድ እፍኝ ይዞ ሄደ። ይሁኔ የጆንያውን አፍ ስፌት አየና የተረፈውን ከነጆንያው አቃጠለው። የሰው ከብት እንዳይቀምሰው ብሎ ነው ሲሉ ጎረቤቶቹ አመሰገኑት።

ወረታ ላይ አምስት ባለ ሩዝ መፈልፈያዎች ፉርሽካቸውን በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ማኅተም ይሸጣሉ። ጆንያቸውን የሚለየው የአፉ ስፌት ብቻ ነው። ተፎካካሪ ስለሆኑም አንዱ የሌላውን ገበያ እንዳያይ፣ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ብሎክቼይን የሚባለውን መዝገብ ዘርግቶላቸዋል። መዝገቡ በሁሉም ዘንድ አለ፤ የተጻፈበትን ማንም አይፍቀውም። የማን ጆንያ ለማን እንደ ሄደ ግን ተቆልፏል። አቤቱታ ሲነሣ የሚከፈተው ሻጮቹም ገዢውም በየስልካቸው ሲፈቅዱ ነው። ማን ፈቀደ፣ ማን ከለከለ፣ አይናገርም።

ይህን ለገበሬው ያስተማረችው ይርጋለም ናት፤ ድርጅቱ ወረታ የመደባት ሠራተኛ። በሥልጠናው ቀን ይሁኔ ከፊት ተቀምጦ፣ ስልኩ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ፊደል ላልቆጠሩት ጎረቤቶቹ ሲያነብላቸው ነበር።

አቤቱታውን መዘገበችለት። ጥያቄው ለሁሉም ተላከ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፦ «ፈቃዱ አልተሟላም።»

ባለ መፈልፈያዎቹን ቢሮዋ ሰበሰበቻቸው። አምስቱም ፈቅደናል አሉ። ዙፋን የምትባለው አንዷ ይህንኑ ተናግራ አለቀሰች። ማንም አልፈረደባትም፤ የይሁኔ ሚስት በወሊድ ስትሞት ሕፃኗን ከራሷ ልጅ ጋር ጡት አጥብታ ያሳደገች እሷ ናት። ሐዘኑ ሐዘኗ ነው።

የሁሉም ዓይን አያልነህ ላይ ዐረፈ። መዝገቡ ሲመጣ አልፈልግም ብሎ የነበረው እሱ ነው። መጋዘኑን አይጥ አስቸግሮት በግንቦት መርዝ ሲገዛም ታይቷል።

«ሁላችንም መርዝ እንገዛለን» አለ አያልነህ።

ሌሎቹ ተነሥተው ወጡ።

ጥያቄው እንደገና ተላከ። ፈቃዱ አልተሟላም። አያልነህ ስልኩን ይዞ ገበያ መሀል ወጣ፤ «ፈቅጃለሁ» የሚለውን መልሱን ላገኘው ሰው ሁሉ አሳየ። ሁለት ስልክ አለው፣ የከለከለበትን ደብቆ ነው ተባለ። ሌሎቹን አሳዩ ያላቸው አልነበረም።

«ማን እንደ ከለከለ ንገሪኝ» አላት ይርጋለምን።

«እኔም አላየውም። የማንንም ስልክ እንድነካ አልተፈቀደልኝም።»

«እንግዲያ ምን ሊረባ ተሠራ?»

«የናንተን ምሥጢር እንዲጠብቅ ነው የጠየቃችሁት።»

ገበሬው ሩዙን ወደ ሌሎቹ አራት መፈልፈያዎች ማዞር ጀመረ። በሐምሌ የአያልነህ እናት አረፈች። ዕድርተኛው ቀብሮ ከመቃብር ተመለሰ፤ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ እህል የቀመሰ ግን ጥቂት ነው። ይሁኔ ከቁሐር ሚካኤል ጭቃውን እያቋረጠ በእግሩ መጣና ሦስቱንም ቀን ከአያልነህ ጎን ተቀመጠ። ያየው ሁሉ እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገኛል አለ።

አያልነህን አላስቻለውም። አንድ ቀይ በሬ ገዝቶ፣ ቄስ ወልደ ሥላሴን ሽማግሌ አድርጎ፣ ይሁኔ ደጅ ሄደ።

«በእኔ እጅ ሆኖ እንደሁ አላውቅም» አለ። «ሠራተኛው ተሳስቶም ይሆናል። ይኸን ውሰድና ይቅር በለኝ።»

ይሁኔ በሬውን አየ። ያኔ በጎረቤት በሬ ነበር የሚያርስ፤ ወቅቱም እያለፈበት ነበር። ገመዱን ለአያልነህ መለሰለት።

«ያልበደለኝን ሰው በሬ አልነዳም።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉ ቄሱ። «እንግዲያ በደለኛውን ለምን በሕግ አትፈልገውም?»

«ማንን ብዬ፣ አባቴ?»

በእሑዱ ቅዳሴ ማብቂያ ቄሱ ይህን ለሕዝቡ ተናገሩ። ይሁኔም ተነሥቶ፣ «አያልነህ አይደለም፤ ተዉት» አለ። ሕዝቡ ራሱን እየነቀነቀ አደነቀው። በሬውን መለሰ፣ ጭራሽ ስሙንም ይሸፍንለታል አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ አያልነህን ሰላም የሚለው ጠፋ።

ይርጋለም ጥያቄውን ለሦስተኛ ጊዜ ላከች። ፈቃዱ አልተሟላም።

መስከረም ሲጠባ አያልነህ መፈልፈያውን በርካሽ ሸጠ። ዕቃውን ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ይርጋለም ከቢሮዋ በር ላይ ቆማ አየችው። ልጆቹ ከጭነቱ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሱ ወደ ኋላ አልዞረም። ይበለው ልትል ፈልጋ ነበር። ከአፏ አልወጣላትም።

በማግሥቱ ከሰዓት ይሁኔ መጣ። ከስቷል። ባርኔጣውን አውልቆ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሄደ አሉ» አለ።

«ትናንት ሄደ፣ ጋሽ ይሁኔ። አሁን እንኳ ትንሽ ያሳርፍዎታል።»

ይሁኔ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረ።

«አቤቱታዬ ይዘጋልኝ» አለ።

«ለምን? አምስተኛው ባለቤት ተለውጧል እኮ። አሁን ብንጠይቅ ይከፈት ይሆናል።»

«ስለዚያ ነው። ዛሬውኑ ዝጊልኝ፣ ልጄ።»

«የሚዘጋው በእርስዎ ስልክ ነው። እኔ ልነካው አይፈቀድልኝም።»

«እኔ ፈቅጄልሻለሁ» አለና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት።

ከፈተችው። የተላኩት ሦስት ጥያቄዎች ተራ በተራ ሰፍረዋል፤ ከእያንዳንዳቸው ሥርም የይሁኔ መልስ አለ፦ «አልፈቅድም»፣ «አልፈቅድም»፣ «አልፈቅድም»።