ከመስመሩ የወጣችው

ሰሚና ኳሱን አልወረወረችውም። ሮጣ መጥታ ክንዷን ልታነሳ ስትል ቆም አለችና አጠገቧ የተተከሉትን እንጨቶች በኳሱ መትታ አፈረሰቻቸው።

የባለሜዳዎቹ አምበል ሄዘር፣ ነጥብ የሚያስገኘውን ሩጫ ቀድማ ለመጀመር፣ ኳሱ ሳይወረወር እንጨቶቹ ፊት ካለው መስመር ወጥታ ነበር። የክሪኬት ሕግ እንዲህ ያደረገችን ተጫዋች ከጨዋታ ያስወጣል። የሚተካት ሰው ስላልቀረ ጨዋታው እዚያው ያበቃል፤ የሰሚና ቡድንም አንደኛ ዲቪዚዮን ይገባል።

ሻይና ሳንድዊች የያዙት የክለቡ ሽማግሌዎች ከሰገነቱ ላይ ብድግ አሉ። "ነውር ነው!" አለ አንዱ።

"መጀመሪያ ታስጠነቅቂኛለሽ እኮ" አለች ሄዘር፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ። "እዚህ ሜዳ ላይ እንዲህ አይደረግም። ጨዋታው ክብር አለው።"

ክብር አለች! ሰሚና ደሟ ፈላ። ገና ሲጀመር ኳሱ የዚህችኑ ሴትዮ ዱላ ነክቶ ከኋላዋ ተቀልቦ ነበር። ድምፁን ያልሰማው ዳኛው ብቻ ነው። እንዲህ የተቀለበባት መውጣት እንዳለባት እሷም ታውቃለች፤ ግን ንቅንቅ አላለችም። "መፍረድ የዳኛው ሥራ ነው" ብላ ጓንቷን አጠበቀች። ሽማግሌዎቹ ሳቁላት፤ ብልጥ ናት ተባለ።

ዳኛው ወደ ሰሚና አምበል ወደ ራቢያ ዞረ። ራቢያ ይህን ቡድን በእንግሊዟ ከተማ በብራድፎርድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከሚጫወቱት ለቃቅማ፣ በስንት ልመና ሊግ ያስገባች ሴት ናት።

"ትውጣ ትያለሽ ወይስ ትተዪዋለሽ?"

"ባጂ" አለች ሰሚና፣ እንደ ታላቅ እህት እየጠራቻት። "በአላህ፣ እንዳትተዪው።"

"ስሚኝ" አለች ራቢያ በሹክሹክታ። "እነሱ ሲያደርጉት ብልጠት ነው፣ እኛ ስናደርገው ሌብነት። ከዛሬ በኋላ ማን ያጫውተናል?" ከዚያ ወደ ዳኛው ቀና አለች። "ትተነዋል። ትጫወት።"

ጭብጨባው ቀለጠ። ሄዘር የራቢያን ትከሻ ቸብ ቸብ አድርጋ "ጨዋ ማለት እንዲህ ነው" አለቻት።

ሰሚና ኳሱን አነሳች። ወደ መነሻዋ ተመለሰች። ሮጠች። ክንዷን ልታነሳ ስትል ነጭ ሱሪ በጎኗ ሽው ሲል አየች። ሄዘር ወጥታለች፤ አሁንማ ከቅድሙም ርቃ።

ቆመች፣ እንጨቶቹን መትታ ጣለቻቸው። ዳኛውን ዞር ብላም አላየችው። ያየችው ራቢያን ነው።

ራቢያ ግን እሷን አታይም። ዓይኗ ሰገነቱ ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች ላይ ነው።