የሚልክያስ ሳል

መምህር ሶርሳን በሕይወቱ የቀፈፈው ነገር ብዙ ነው፤ የሚልክያስን መሐረብ የሚያህል ግን አልገጠመውም።

ሚልክያስ የውድድሩ ሰዓት ያዥ ነው። ከሰሌዳው ጎን ወንበር ስቦ ይቀመጥና ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደቂቃ ይቆጥራል። በመሃል ያስላል። ሳሉም የጨዋ ሳል አይደለም፤ ከደረቱ ሥር ቆፍሮ የሚያወጣው፣ እርጥብ፣ አክታ የሞላው ሳል ነው። ከዚያ አንድ ግራጫ መሐረብ መዥረጥ ያደርጋል፣ አፉን ይጠርጋል፣ መሐረቡን ገልጦ ያየዋል፣ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። ሶርሳ ይህን ባየ ቁጥር የበላው ምሳ ጉሮሮው ድረስ ይመጣል።

ጨዋታው የፊደል ሰሌዳ ይባላል። ሁለት ተጫዋቾች ከከረጢት ሰባት ሰባት የእንጨት ፊደል ያወጡና በየተራ ሰሌዳው ላይ የአማርኛ ቃል ይሠራሉ። ቃሉ በረዘመ ቁጥር ነጥቡ ይበዛል፤ ሰባቱንም ፊደል በአንዴ ላወረደ ደግሞ ሃምሳ ነጥብ ይመረቅለታል። ደቂቃው እስካላለቀ ድረስ የወረደን ቃል አንሥቶ መቀየር ይፈቀዳል።

በዚህ ጨዋታ ሶርሳ ስድስት ዓመት በተከታታይ የሶዶ አሸናፊ ነው። ሁምቦ ተወልዶ ቤት ውስጥ ወላይትኛ ብቻ እየሰማ ያደገ ልጅ፣ አማርኛን ከመዝገበ ቃላት ገጽ በገጽ ለቅሞ ነው የተማረው። ከዚያ ሠላሳ አራት ዓመት ለሶዶ ልጆች አስተማረው። ዛሬ አዳራሹን ከሞላው ሰው አብዛኛው በእጁ ያለፈ ነው። እሱ ሲገባ ሁሉም ብድግ ይላል፤ እሱ ሳይቀመጥ ማንም አይቀመጥም።

ያሸነፈ ሰው ከተማዋን ወክሎ አርባ ምንጭ ይሄዳል። ሶርሳ ስድስቴ ሄዶ ስድስቴም በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቷል። «ሙቀቱ አእምሮዬን ያፈዘዋል» ይላል። የሁምቦ ሰው ሙቀት አልቻልኩም ሲል ፊቱ ላይ የሳቀ ግን የለም። ዘንድሮ ጡረታ ይወጣል፤ ከዛሬ በኋላ አይወዳደርም። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን ዋንጫ በእጁ ይዞ በክብር መሰናበት።

ለፍጻሜ የደረሰችው ጀዋሂር ናት፤ የጅምላ ነጋዴው የአብዱልመጂድ ልጅ። እሷም ተማሪው ነበረች፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ዓይነት። ሁለት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። የመጀመሪያውን ሶርሳ አሸነፈ፤ በዘጠኝ ነጥብ ብቻ።

ዘጠኝ! ይህቺ ዝምተኛ ልጅ እንዴት ዘጠኝ ነጥብ ድረስ ተጠጋችው? እያሰበ ሳለ ነገሩ ብልጭ አለለት። ጀዋሂር ቃል ስታወርድ ሚልክያስ ያስላል፤ እሱ ሲያስል እሷ ደንገጥ ብላ ፊደሎቿን ታነሣና ሌላ ቃል ትሠራለች። አንዴ ስድስት ፊደል ዘርግታ ነበር። ሳሉ ሲመጣ አነሣችና ጥግ ላይ ሁለት ፊደል ለጠፈች። ጥጉን ልትዘጋበት ነው! ይህን የመከራት ደግሞ ያ አክታም ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የደከመበት ቋንቋ በአክታ ሲሸቀጥ ማየት አንጀቱን አቃጠለው፤ አፉን ምራቅ ሞላው፤ መትፊያ አጣ።

ሁለተኛው ጨዋታ ሊጀመር ሲል ተነሣ።

«ይሄ ሰውዬ ይውጣልኝ!»

የዳኞቹ ሰብሳቢ ሣራ ከመቀመጫዋ ቀና አለች። «ምን አጠፋ ቲቸር?»

«እያሳለ ምልክት ይሰጣታል። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። አታፍሩም እንዴ? ያስጠላል! ያስተማርኳችሁ ልጆች አክታ እየተፋችሁ ጨዋታ ትሰርቃላችሁ?»

ሶርሳ የሚክድ ሰው ጠበቀ፤ የካደ አልነበረም። ይኼ ይበልጥ አቅለሸለሸው።

«ቲቸር፣ እኔ እዚሁ ብሆን ይሻላል» አለ ሚልክያስ። ድምፁ የጠራ ነበር።

«አያችሁልኝ? ጉንፋን እንኳ የለበትም!»

ጀዋሂር ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ቲቸር፣ በእናትዎ፣ ይቆይ።»

«ያለ እሱ አትችይማ!»

ልጅቷ አቀረቀረች። ሣራ አጠገቧ ያሉትን ዳኞች ግራና ቀኝ አየቻቸው። «እርግጠኛ ነዎት ቲቸር?» አለች ቀስ ብላ።

«እንደ ዛሬ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።»

ሚልክያስ ስልኩን ለሣራ አቀብሎ ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ። ሶርሳ ተቀመጠ፤ ሰዎቹም ተቀመጡ። አየሩ ራሱ የጠራ መሰለው።

የመጀመሪያው ተራ የጀዋሂር ነበር። ሰባት ፊደሎቿን ደርድራ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ሶርሳ በሆዱ «አሁን እንተያያለን» አለ። ከዚያ አንድ በአንድ ታወርዳቸው ጀመር፤ መ፣ ን፣ ደ፣ ር፣ ደ፣ ሪ፣ ያ።

መንደርደሪያ። ሰባቱም ፊደል።

ሶርሳ ግድፈት ፈለገ፤ አጣ። ወደ በሩ ዞረ፤ እንደተዘጋ ነው። መልሶ ልጅቷን ሲያይ፣ እሷ የምታየው እሱን አልነበረም። ቀና ብላ አዳራሹን ታያለች፤ የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስላለች። ደቂቃው ሊያልቅ ነው።

ሣራ አሳለች።

አጠገቧ የተቀመጡት ዳኞች ተከተሏት። ከዚያ የግራው ረድፍ፣ ከዚያ የቀኙ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት፤ አዳራሹ በሙሉ አሳለ።

ጀዋሂር ሰባቱንም ፊደል አነሣችና «ደን» ብላ አወረደች።