በ1:00 ተነሱ

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በቆመችው መኪና ውስጥ ወንድሟ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፎ የደሴን መንገድ ከፈተ። የአባታቸው ቀብር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ከመርዶው ወዲህ ሁለቱም ዓይናቸውን አልከደኑም፤ የመንገዱን ርዝመት ለማስላትም ልብ አልነበራቸውም። «በቃ፣ አታስቢ» አላት። «ለቀብሩ እንድንደርስ ብዬ ትናንት የመድረሻውን ሰዓት ስልኩ ላይ ሞላሁ፤ በ1:00 ተነሱ አለኝ። ይኸው፣ ገና አንድ ሰዓት መሆኑ ነው።»

ስክሪኑን አየች፤ መድረሻ 4:00 ይላል። «ተመስገን» ልትል አፏን ስትከፍት ከቁጥሩ ኋላ ያሉትን ሁለት ደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት አነበበች። ከሰዓት በኋላ። የፈረንጅ አራት፣ የእኛ አስር ሰዓት! ያ 1:00ም የፈረንጅ ነበር፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ማለት ነው። «አንተ! የገዛ አባትህን ቀብር!» የሚለው ጩኸት ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ወንድሟ ግን እሱም አይቶት ኖሮ ያቺን ቁጥር አቧራ ያረፈባት ይመስል በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ይጠርግ ነበር።

ስልኩ ጮኸ፤ አጎታቸው ናቸው፤ በስፒከር ከፈተችው። «ልጄ፣ ኮምቦልቻን አለፋችሁ? ሰዉ እናንተን እየጠበቀ ነው።»

የወንድሟን ጣት ከስክሪኑ ላይ አንስታ በእጇ ያዘችው። «መንገድ ተዘጋብን፣ ጋሼ» አለች። «አትጠብቁን። አባባን ቅበሩልን።»

አጎቷ የት እንደተዘጋ፣ ማን እንደዘጋው እንኳ አልጠየቁም። በዚህ አገር ማን ይጠይቃል? «ምን ይደረግ፣ ልጆቼ» ብለው አለቀሱ።

«ንዳ» አለችው ወንድሟን።