ርካሹ መቀመጫ

ወደ ጃማይካ በሚደረገው የቀጥታ በረራ ላይ የቀረው ርካሽ መቀመጫ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም እንደ አዲሱ ደንብ ለሁለት ሰው ሸጠውታል። መሳፈሪያው በር ላይ ተደባድቦ ያሸነፈ ይሄዳል። ትርሲት ኪንግስተን የወለደች ልጇን ለማየት ስትል፣ እንዳይጎትቷት ፀጉሯን ተላጭታ መጣች። ተጋጣሚዋ ግን በዕድሜ እናቷ የምትሆን አሮጊት ነበረች።

ፊሽካው ተነፋ። አሮጊቷ ዘላ ጉንጯን በጥፍሯ ቦጨቀችው። ትርሲት በነጠላዋ ጎትታ ጣለቻትና ደረቷ ላይ ወጥታ አፏን በቡጢ ደጋገመቻት። ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

“በቃ! አንቺ ግቢ!” አለ ዘበኛው።

ትርሲት ስትነሳ አሮጊቷ ቀሚሷን ያዘቻት።

“ልጄ፣ አንዴ...” ከጉያዋ በላስቲክ የታሸገ በርበሬ አወጣች። “ወንዱ ልጄ ካየኝ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ስሜን ወረቀት ላይ ጽፎ እዚያ ኪንግስተን መውጫው በር ላይ ይጠብቀኛል። ታደርሺልኛለሽ?”

የተላከን ዕቃ እምቢ ማለት ትርሲት አልለመደባትም።

“አደርሳለሁ፣ እማማ።”

“አሟት ቀረች በይው። ፊትሽን ምን ነካው ካለሽ ደግሞ፣” አለች አሮጊቷ ደሟን እየተፋች፣ “እናትህ ናት እንዳትይው።”