ሽታ

ጭላዳዋ የሞተ ልጇን በአንድ እጇ እየጎተተች ስትመጣ፣ ተመራማሪዋ በሻርፗ አፍንጫዋን ያዘች። ግልገሉ ከሞተ ሰንብቷል። ቆዳው እንደ ቋንጣ ደርቋል፣ ዓይኑን ዝንብ ወርሮታል። እናቱ ግን ቁጭ ብላ ጸጉሩን እየገላለጠች፣ የለቀመችውን ወደ አፏ ትሰዳለች።

«ጋሽ ደምሰው፣ ኧረ ይቀሟትና ይቅበሩልኝ» አለቻቸው ተመራማሪዋ የጓሳውን ሣር ምድር ጠባቂ ሽማግሌ። «ከዝንጀሮ ጋር የዘር ግንዳችን አንድ ነው ይባላል፤ አንጎላቸው ግን ሞትን ለመረዳት አልደረሰም። እኛ ሬሳችንን ቀብረን ቁርጣችንን እናውቃለን።»

«ተያት ዶክተር» አሉ ሽማግሌው። «ሐዘኑ ሲወጣላት ራሷ ትጥለዋለች።»

«ያስጠላል» ብላ ምራቋን እንትፍ አለች።

ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው፣ ከአዲስ አበባ።

«የኔ ልጅ፣ የሕፃንሽን ልብስ አጥበን ለነዳያን ልንሰጥ ነበር። ያረፈ ዕለት የለበሳት ቢጫ ካናቴራ ግን ጠፋችብን። አይተሻታል?»

«አላየኋትም፣ እማዬ።»

ስልኩን ዘጋች። ጋሽ ደምሰው ፊታቸውን እስኪያዞሩ ጠበቀችና ሻርፗን ከአፍንጫዋ አወረደች። ከዚያ ከጃኬቷ ጉያ ትውከት የደረቀባትን ቢጫ ካናቴራ አውጥታ ፊቷን ቀበረችባት።