ከሽማግሌው ኋላ

ነጩ መኪና ዛሬም አለ።

መነጽር ሠሪዋ ሞተር ሳይክሏን አስነስታ ዋናው መንገድ ላይ ስትወጣ፣ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ቆሞ የነበረው መኪና መብራቱን አብርቶ ተከተላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ነው። ስትፈጥን ይፈጥናል። ስታዘግም እንደሚያላግጥባት ሁሉ የአደጋ መብራቱን እያብለጨለጨ ያዘግማል። አያልፋትም፤ ሌላ መኪናም በመካከላቸው አያስገባም።

ሞተሩ አርባ ዓመት አልፎታል። ታላቅ ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ጎማ ባለው ነገር ሁሉ ላይ አስተያየት አያጣም። ሞተሩን መጀመሪያ ያየ ዕለት፣ "ይሄ እኮ በዕድሜ ይበልጥሻል፣ አንቱ በይው!" ብሎ ስቆባታል። ሽማግሌው የሚለው ስም በዚያው ጸደቀ።

እሷ ግን ትወደዋለች። ድሮ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች ሥራ ቦታዋ የምትደርሰው አርፍዳ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም "አንድ ቀን ብትደግሚ እንዳትመጪ" ብሏታል። አሁን ሃያ ደቂቃ ይበቃታል። በእርግጥ ሽማግሌ ነውና አመል አለው። ቤንዚኑን ከፍታ፣ አየሩን ዘግታ፣ ሦስቴ ካልረገጠችው አይነሳም። የእግር ፍሬኑ ስለደከመም በእጅ ፍሬን ብቻ መቆም ለምዳለች። የሸጠችላት ሴትዮ "የወንድሜ ነበር፤ አርፏል። ከዚህ በኋላ ዓይኔ እንዲያየው አልፈልግም" ብላ በርካሽ ለቀቀችላት። ምን ሆኖ እንደሞተ መጠየቅ ግን አሳፈራት። ሐዘንተኛን በጥያቄ ማድረቅ ደግ አይደለም።

የነገሩ መነሻ አንድ ደንበኛ ነው። ጎልማሳ ሰውዬ፣ መኪና ሲነዳ የሚያደርገውን የሩቅ መነጽር ሊወስድ ሱቅ መጣ። ሌንሱን ጠራርጋ ዓይኑ ላይ ስታስተካክልለት፣ በመስታወቱ አሻግሮ በር ላይ የቆመውን ሞተር አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"ሽጪልኝ እህቴ። የገዛሽበትን እጥፍ እሰጥሻለሁ።"

"አይሸጥም።"

"ሦስት እጥፍ።"

"ነገርኩዎት እኮ፣ አይሸጥም።"

ለዚህ አሮጌ ብረት ሦስት እጥፍ የሚከፍል ሰው ጤነኛ ነው? ማታ ቤቷ ድረስ ተከተላት። ጠዋት ስትወጣ ነጩ መኪና ቆሞ ጠበቃት፤ ሰውዬው የሠራችለትን መነጽር አድርጎ መሪውን ጨብጧል።

መንገድ ቀየረች፤ አልቀረላትም። ግማሽ ሰዓት ቀድማ ወጣች፤ እሱም ቀድሞ ነበር። ምግብ አልዋጥልሽ አላት። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ስታመለክት ተረኛው እስክሪብቶውን እያሽከረከረ፣ "ነካሽ? ሰደበሽ? በመንገድ መሄድማ መብቱ ነው" ብሎ መለሳት።

በመጨረሻ ለወንድሟ ነገረችው። ወንድሟ አልሳቀም።

"አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎችን አታውቂያቸውም። ያማራቸውን ሳይዙ አይተኙም። አንድ ቀን ጭር ያለ ቦታ ሲያገኝሽ ገፍትሮሽ ሞተሩን ይወስዳል።"

"ይገድለኛል እንዴ ጋሼ?"

"እኔ በቁሜ? ነገ ከኋላው እሆናለሁ። ድልድዩ ጋ ስትደርሺ ቁሚ። የቀረውን ለእኔ ተይው።"

ዛሬ ያ ነገ ነው። ጭጋጉ ወርዶ የመብራት ምሰሶዎቹ እንኳ በግማሽ ተውጠዋል። በመስታወቷ ስታይ ነጩ መኪና አለ፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ የወንድሟ የጭነት መኪና ሁለት ቢጫ መብራቶች ይታያሉ። ድልድዩ ገና ነው።

ወንድሟ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ድልድዩ ሳይደርስ የጭነት መኪናውን እያጓራ ነጩን መኪና አለፈና በሁለቱ መካከል ገባ። ነጩ መኪና ጥሩንባውን ለቀቀው፤ ደጋግሞ፣ እንዳበደ ሰው። እሷ ግን ደስ አላት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዛሬ ገና ከኋላዋ የሥጋ ዘመዷ ሆነ። ትከሻዋ ቀለላት።

በዚህ ጊዜ አንድ ውሻ ከመንገዱ ዳር ዘሎ ፊቷ ገባ።

የእጅ ፍሬኗን ጨምድዳ ያዘች። ሽማግሌው ተንገዳግዶ ቆመ። ከኋላዋ ጎማ ጮኸ፤ ከዚያም ብረት ከብረት ሲላተም ሰማች።

ዞር ስትል ነጩ መኪና በቀኝ በኩል ሾልኮ በእሷና በጭነት መኪናው መካከል መንገዱን አግድም ዘግቶታል። የጭነት መኪናው አፍንጫ የነጩን መኪና የጎን በር ወደ ውስጥ ሰርጉዶታል። ውሻው የለም።

ወንድሟ ዘሎ ወረደ። "አየሽው? መንገድ ዘጋብኝ! ለብቻሽ ሊያገኝሽ እኮ ነው!" እያለ በሌላኛው በር ሰውዬውን በኮሌታው ጎትቶ አወጣው። የመነጽሩ አንድ ሌንስ ተሰንጥቋል፤ ከቅንድቡ ደም ይወርዳል።

"ተናገር! ከእህቴ ምን ትፈልጋለህ?"

ሰውዬው ወንድሟን አላየውም። እሷን ነው ያየው፤ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግሯ።

"ተርፈሻል?"

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"የእጅ ፍሬን ስትይዢ የኋላው የፍሬን መብራትሽ አይበራም" አላት። "ከኋላሽ ያለ ሰው መቆምሽን አያውቅም። ልነግርሽ ስንት ጊዜ አስቤ አፌ እምቢ አለኝ።"

ወንድሟ የጭነት መኪናውን አፍንጫ አየ። ከዚያ የሞተሩን የኋላ ጎማ አየ። ኮሌታውን የያዘው እጁ ቀስ ብሎ ላላ።

"እንዴት አወቅህ?" አለች፤ አንቱታው ከአፏ ጠፍቷል።

"የሞተሩን የቀድሞ ባለቤት ከኋላ ገጭቼ የገደልኩት እኔ ነኝ።"